ምርቃት የጎደለበት ገበያ

አማርኛ ቆጣቢ ቋንቋ ነው፤ አንዱን ቃል ሦስት ቦታ ያሠራዋል። «ምርቃት» የሚለውን እንውሰድ። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ «ወልዳችሁ ሳሙ» ሲል ምርቃት ነው። ተማሪ ጥቁር ካባ ለብሶ ፎቶ ሲነሣ ምርቃት ነው። የጉልቷ ሴትዮ ድንቹን ሰፍራ፣ ሒሳቧን ተቀብላ ካበቃች በኋላ ሁለት ፍሬ አንሥታ ዘንቢል ውስጥ ጣል ስታደርግም ምርቃት ነው። የመካከለኛውን ለጊዜው እንተወው፤ ወላጅ ከፍሎበታል። ሽማግሌውንና የጉልቷን ሴትዮ ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ሁለቱም የሚሰጡት ውል ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ዋጋው ተነጋግሮ አልቋል፣ ዕዳ የለም፤ ያም ሆኖ እጅ ይዘረጋል።

ይህን ያነሣሁት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቃላት ለመሰንጠቅ ብዬ አይደለም። ስለ ኑሮ ውድነት ላወራ ነው። የኑሮ ውድነት ሲነሣ ሁላችንም ዐይናችን ቁጥሩ ላይ ነው፤ ጤፍ ስንት ገባ፣ ዘይት ስንት ሆነ፣ ዶላር ስንት ደረሰ። ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መስፈሪያ ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ነጋዴ ወጪው ሲንርበት ያለው መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ዋጋ መጨመር ነው። ሁለተኛው ዋጋውን ሳይነኩ መስፈሪያውን ማሳነስ ነው። ሦስተኛው ዕቃውን ወይም አሻሻጡን ራሱን መለወጥ ነው። የገበያችንን ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው ነጋዴያችን የመጀመሪያውን መንገድ እስከ መጨረሻው ድረስ ሲሸሽ ያገኘዋል። ለምን እንደሚሸሽ፣ ሽሽቱስ ምን እንዳስከፈለን ነው የዛሬው ጨዋታችን።

ከአሞሌ እንጀምር። ከአፋር የጨው ሜዳ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣው የጨው ጡብ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘባችን ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት አይቶ ጽፏል። የማሪያ ትሬዛ ብር ከገባ በኋላም ብሩ ለትልቁ ግብይት፣ አሞሌው ለዝርዝሩ ሆነው አብረው ኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ የራሳቸውን ገንዘብ ካስቀረጹም በኋላ ቢሆን አሞሌ ቶሎ እጅ አልሰጠም። አሞሌ ደግሞ ጠባይ ነበረው። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ሲነካውና እጅ ሲበዛበት ይሸራረፋል። የተሸራረፈ አሞሌ የሙሉውን ያህል አይገዛም። ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ ሲሳሳ ሻጭም ገዥም በዐይናቸው ያዩታል። ዛሬ ኪሳችን ያለው ኖት ግን ጠርዙም አልተነካ፣ ቀለሙም አልለቀቀ፤ መሳሳቱን የምናውቀው ሱቅ ስንደርስ ነው።

ገንዘቡ እንዲህ ከሆነ መስፈሪያውስ? እህል በቁናና በእንቅብ፣ ኋላም በጣሳ ይሰፈራል። ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ የማን ክንድ የሚለው ጥያቄ ግን ክፍት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሜትር ሥርዓት በአዋጅ ሲደነገግ ኪሎና ሊትር ሕጋዊ መለኪያ ሆኑ። ጉልት ላይ ግን ጣሳውና መደቡ አዋጁን ሳይሰሙ እስከ ዛሬ አሉ። ስለዚህ የድሮውን ገበያ የቅዱሳን ጉባኤ አድርገን አንሣለው። ጣሳው ታቹ ወደ ላይ የጎበጠ ሊሆን ይችላል። ቁናው ሲሞላ የሻጯ አውራ ጣት ከውስጥ ሊሆን ይችላል። ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያ የሚያሳንሱ ነጋዴዎችን የገሠጸው ክርስቶስ ከመወለዱ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ነው፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።

እንግዲህ ምርቃት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ገዥ መስፈሪያው የማይታመን መሆኑን ያውቃል። ሻጭም ገዥ እንደሚያውቅ ታውቃለች። ማንም ማንንም ሌባ ሳይል፣ ሁለት ፍሬ ድንች ወይም አንድ እፍኝ ሽንብራ ከላይ ጣል ይደረግና ክርክሩ ያበቃል። ምርቃት ማለት ዳኛ በሌለበት የሚሰጥ ካሣ ነው። «መርቂልኝ እንጂ» ብሎ መጠየቅ ነውር የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ገዥው ምጽዋት እየለመነ ሳይሆን የጎደለውን እያስሞላ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የበሰለ ምግብ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምግብ የሚሸጥባት ከተማ አልነበረችም። እንግዳ ዘመድ ቤት ያርፋል፤ መኳንንት ግብር ያበላል፤ መንገደኛ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብሎ ያገኘው ቤት ይገባል። እህል አብስሎ መሸጥ ነውር ነበር፤ ገዝቶ መብላትም የዘመድ አልባ ሥራ። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ትልቁ ችግር ወጡ ሳይሆን ደንበኛው ነበር። ሲነገር የኖረው ታሪክ እንደሚለው ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሆቴሉ ይገቡና ያበላሉ፤ ሒሳቡን ራሳቸው ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ ግን ከኪሱ አውጥቶ ሊበላ የሚመጣ ይጠፋል፤ ንጉሡም መኳንንቱን ማደፋፈር ነበረባቸው። ታሪኩ በአፍ ሲዞር የተቀባባ ነገር ይኖረው ይሆናል፤ የሚያሳየው እውነት ግን ግልጽ ነው። በዚህች ከተማ ነጋዴ መጀመሪያ መሥራት የነበረበት ዕቃውን ሳይሆን ገዥውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ይህ ነውር ቀስ በቀስ ተቸርችሮ ያለቀበት ነው። የቸረቸሩት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከገጠር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት እጇ ላይ ያለው ሀብት ሙያዋ ነው። ጠላ ጠመቀች፣ ጠጅ ጣለች፣ እንጀራ ጋገረች። በሯ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ደፋችበት፤ ማስታወቂያዋ እሱ ነው፣ የማያነብም ያነበዋል። የአረቄው ብርጭቆ ስሙ ራሱ «መለኪያ» ነው፤ ሰው «ሁለት መለኪያ ጠጣሁ» ይላል፣ መለኪያውን ግን የለካው የለም። ማር ሲወደድ ጠጁ ውስጥ ስኳር ገባ። ጠጅ አዋቂ ሽማግሌ ገና ሲቀምስ ያውቀዋል፤ ቢያውቅም ይጠጣል፣ የንጹሕ ማር ጠጅ የሚከፈልበት ኪስ የለውማ። የብርሌው መልክ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውስጡ ነው።

የቡናውም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቤት ቡና ሦስት ጊዜ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ያው አንድ ጊዜ የተወቀጠ ቡና ውኃ እየተጨመረበት ሦስት ዙር ጎረቤት ያጫውታል። ከኢኮኖሚ አንጻር ካያችሁት ከዚህ የበለጠ ቆጣቢ ነገር የለም። ከጣሊያን ጋር የመጣው የማሽን ቡና ደግሞ ሌላ ሰው ፈጠረ፤ ቶሎ ጠጥቶ የሚሄድ፣ ጎረቤት የማያስፈልገው የቢሮ ሰው። ፒያሳ ያለው ቶሞካ በ1945 ዓ.ም. ሲከፈት ቆሞ ቡና መጠጣት የከተሜነት ምልክት ሆነ። ለሻጩም ይመቻል፤ ወንበር የለም፣ የተቀመጠ የለም፣ ቦታው በሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ማኪያቶ ተከተለ፤ ማኪያቶ ይዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጥም ተከተለ።

ከዚያ መንኮራኩሩ ተመልሶ ዞረ። ባለፉት 15 እና 20 ዓመታት የጀበና ቡና ከቤት ወጥቶ አስፋልት ዳር፣ የሕንፃ ደረጃ ሥር፣ የባንክ በር አጠገብ ተቀመጠ። ሒሳቡን ሥሩት። የማሽን ቡና የሚሸጥ ሰው ማሽኑን በውጭ ምንዛሪ አስመጥቶ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አስነሥቶ፣ ኪራይና አስተናጋጅ ከፍሎ ነው አንድ ስኒ የሚያቀርበው። ጀበና ያላት ልጅ ከሰል፣ ረከቦት፣ ስድስት ዱካና አንድ ጃንጥላ ይበቋታል። ወጪ ሲንር የቆየው ዘዴ አዲሱን አሸነፈው። ሰዉም «የባህል ቡና» ብሎ ወደደው፤ ባህሉ ርካሽ በመሆኑ መወደዱን ግን ብዙም አናወራም። ቄጤማው ፕላስቲክ ሆኗል፤ በየቀኑ አይገዛማ። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው አቦል ብቻ ነው። ቶና የሚጠብቅ የለም፤ በረካ ጭራሽ የለም። በረካ ማለት ደግሞ በረከት ማለት ነው። ሦስተኛዋ ስኒ የቡናው ምርቃት ነበረች። ሥርዓቱን ወደ ገበያ ስናወጣው መጀመሪያ የተቆረጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ ከመጨመር ለምን ይሸሻል? ቁጥር ስለሚያስቆጣ ነው። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ወደ ግማሽ በሚጠጋ ጭማሪ ከፍ አደረገ። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ፤ ተማሪው ጎዳና ወጣ። ጭማሪው ከቀናት በኋላ ቀነስ ተደረገ፣ የወጣው ሕዝብ ግን አልተመለሰም። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ነው ማለት ታሪክን በጀሪካን መስፈር ይሆናል፤ ምክንያቱ የመሬት፣ የረሃብ፣ የሥልጣን ነበር። ሆኖም ሁሉም ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጥር ላይ እንዲቆጣ ያደረገው የዋጋ ጭማሪ ነው። ከላይም ከታችም ያለው ሁሉ ከዚያ አንድ ትምህርት የወሰደ ይመስለኛል፤ ቁጥሩን አትንካ።

ደርግ ቁጥሩን በእርግጥም አልነካም። እህል በኮታ ከገበሬው በተተመነ ዋጋ ይወሰዳል፤ ስኳሩ፣ ዘይቱና ሳሙናው በቀበሌ ሸማቾች ሱቅ በራሽን ይታደላል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የወረፋን ሥርዓት ከፊደል እኩል ነው የተማርኩት። ሰው ሲደክመው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩም በባለቤቱ ስም ይሰለፋል፣ ማንም አይዘለውም። ዋጋው ርካሽ ነበር። ዕቃው ግን የለም። የገዥው ልማድ እዚያ ላይ ተለወጠ፤ የሚያስፈልገውን መግዛት ትቶ የመጣውን መግዛት ጀመረ። ሰልፍ ካየ መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚሸጥ የሚጠይቀው ቆይቶ ነው። የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ ደግሞ ምርቃት የሚባል ነገር አያውቅም። ዕቃው የእሱ አይደለም፤ ገዥውም ነገ ሌላ የሚሄድበት የለውም። ምርቃት የሚኖረው ሻጭ ገዥውን ነገም ሲፈልገው ነው።

«ደንበኛ» የሚለው ቃላችን ይህንኑ ይነግረናል። ደንበኛ ማለት ዕቃ የሚገዛ ሰው ብቻ አይደለም። «ደንበኛ ሰው ነው» ስንል እውነተኛ፣ ደንብ ያለው ማለታችን ነው። ድሮ የመናውያን ይነግዱበት ስለነበር «ዐረብ ቤት» እየተባለ የሚጠራው የሰፈር ሱቅ፣ ከእነሱም በኋላ የጉራጌው ነጋዴ ሱቅ፣ በዚህ ደንብ ላይ የቆመ ነበር። የዱቤ ደብተሩ ላይ የሰፈሩ ሁሉ ስም አለ። ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል፤ በአሥረኛው ቀን እንደገና ይጻፋል። ባለሱቁ ወለድ አያስከፍልም፤ ምናልባት ዋጋው ላይ ጥቂት ሣንቲም ጨምሮ ይሆናል፣ ያንን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ዋጋ በየሳምንቱ መሮጥ ሲጀምር ግን ዱቤ ይሞታል። ዛሬ በዱቤ የሰጠውን ዘይት በወሩ መጨረሻ በዚያው ብር መልሶ መግዛት አይችልማ። «ዛሬ በእጅ፣ ነገ በዱቤ» የሚለው ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ባለሱቁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ነገን ማመን ስላቃተው ነው።

በ2000 ዓ.ም. የሆነውን የዛሬ ወጣቶች ብዙም አያስታውሱትም። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ አልፎ ነበር። መንግሥት ለከተማ ድሃ ስንዴ በድጎማ አቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በ17 ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ፤ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቢራ፣ ለስላሳ ሁሉ ነበሩበት። ሰዉ ለጥቂት ቀናት ተደሰተ። ከዚያ ዕቃው ከመደርደሪያው ላይ ተነነ። የቀረውም አነሰ፤ ሥጋው አጥንት በዛበት፣ ዳቦው ቀለለ። ጣሪያው ወራት ሳይቆይ በአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ሕግ ዋጋን ሊይዘው ይችላል፤ ወጪው ግን ሌላ በር ፈልጎ ይወጣል። ያ በር ሁልጊዜ መስፈሪያው ነው።

ዳቦን ተመልከቱ። ዳቦ በፍሬ ነው የሚሸጠው፤ ሰው «አምስት ዳቦ» እንጂ «ግማሽ ኪሎ ዳቦ» አይልም። ለዳቦ ጋጋሪ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ዱቄት ሲወደድ ቁጥሩ እዚያው ይቆምና ዳቦው ይከሳል። በእርሾ ነፍቶ መልኩን ይጠብቃል፤ ሲጫኑት ግን መዳፍ ውስጥ ይጠፋል። እናት አራት ልጆቿን በአራት ዳቦ ቁርስ አብልታ ትልካለች፤ ልጆቹ በአራት ሰዓት ይርባቸዋል፤ እሷም «ምን ዐይነት ሆድ ነው የሰጣችሁ» ትላለች። የልጆቹ ሆድ አልሰፋም። ማንም ዋጋ ጨመርኩ አላላትም፤ ስለዚህ የምትቆጣው በጋጋሪው ላይ ሳይሆን በልጆቿ ላይ ነው። መስፈሪያን ደብቆ ማሳነስ ከግልጽ ጭማሪ የከፋ ነው የምለው ለዚህ ነው። ግልጽ ጭማሪ ያስቆጣል፣ ያሟግታል፣ ያስማማል። የተደበቀው ግን ሰውን ከራሱ ጋር ያጣላል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

እንጀራም ከቤት ወጥቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተማ ሲስፋፋ ማገዶው ቀረ። ሴቶች ቢሮና ፋብሪካ ሲውሉ፣ ጋጋሪ ሠራተኛ ስትወደድ፣ ኮንዶሚኒየሙ ጭስ አልወድም ሲል መጋገሩ ራሱ ቀረ። አሁን እንጀራ ሱቅ በር ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በቁጥር የሚሸጥ ዕቃ ነው። በርበሬና ሽሮም ባልትና ቤት ተለክተው ይሸጣሉ። ይህን ለማንቋሸሽ አልነሣሁም፤ እናቶቻችን በጭስ ዐይናቸው ሲጠፋ አይተናል። የሚገርመው ግን በቁጥር መሸጥ ከተጀመረ ወዲህ እንጀራው ላይ የዳቦው ዕጣ መድረሱ ነው። ስፋቱ ጠበበ፣ ውፍረቱ ሳሳ። ጤፉ ውስጥ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ ገባ። መቀላቀል ኃጢአት አይደለም፤ ገበሬው ራሱ ድሮም ይቀላቅላል። «ቅልቅል ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው የድሃን ገበታ ያተረፈ ሰው ነው። «የማኛ ነው» ብሎ ቅልቅል የሚሸጠው ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው ያለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የተነገረ ወይም ያልተነገረ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምግብ ቤቶችን የዋጋ ዝርዝር ያየ ሰው ታሪኩን ያነበዋል። በመጀመሪያ የድሮው ዋጋ ላይ ወረቀት ተለጠፈበት፤ ቀጥሎ በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት። በመጨረሻ ዋጋው በእርሳስ ተጻፈ። «ስፔሻል» የሚባል ምግብ መጣ። ቀምሼ እንዳረጋገጥኩት ስፔሻል ማለት ከጥቂት ዓመታት በፊት ተራ የነበረው ነው፤ ተራ የሚባለው ደግሞ ከዚያ የተቀነሰው። ቋንቋም እንዲህ ይሸራረፋል። ጾም በያይነቱ በጾሙ ቀን ብቻ ሳይሆን በፍስኩም ቀን የብዙ ሠራተኛ ምሳ ሆነ፤ ዐርብና ረቡዕ ሳይሆን ኪስ ያስጾማል። አስተናጋጁ ራሱ «ለሁለት ይሁን ለሦስት?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል። ይህ እንኳን ጥሩ ነው፤ አንድ ትሪ ዙሪያ መክበብ የኛው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የትንሹ መስፈሪያ ነገር ነው። ጉልት ሄዳችሁ እዩ። ዘይት በስኒ፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ከሰል በጣሳ፣ ሽንኩርት በሁለት ፍሬ መደብ ይሸጣል። ሱቅ በደረቴው ሲጋራ በነጠላ፣ ማስቲካ በፍሬ ይሸጣል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ከጉልቷ ሴትዮ ተምረው የልብስ ዱቄቱን በጣት በምትያዝ ከረጢት አሽገውታል። ይህ ለድሃው ትልቅ ውለታ ነው፤ የቀን ሠራተኛ የዛሬ ገቢው የዛሬን ዘይት ብቻ ነው የሚችለው። ነገር ግን ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። አንድ ሊትር ዘይት 300 ብር ነው እንበል። 20 ስኒ ቢወጣውና ስኒው 18 ብር ቢሸጥ፣ በስኒ የሚገዛው ሰው ለያንዳንዱ ሊትር 360 ብር ከፈለ ማለት ነው። ባለመኪናው ባለአምስት ሊትሩን አንሥቶ ይሄዳል፤ ለሊትሩ ከሁሉ ያነሰ የሚከፍለው እሱ ነው። ሻጯን አትውቀሷት፤ የቆመችበት፣ የፈሰሰባት፣ የሰጋችበት ዋጋ አለው። ውድነት ግን ሁሉንም እኩል አይነካም። ትንሽ የሚገዛ ብዙ ይከፍላል።

የዝርዝር ሣንቲምም ነገር አለ። በአንድ ወቅት ባለሱቅ መልስ ሲያጣ ከረሜላ ወይም ማስቲካ ይሰጠን ነበር። እኔ ያኔ አሞሌ ተመለሰ እያልኩ እቀልድ ነበር፤ ዝርዝር ሲጠፋ ዕቃ ገንዘብ ይሆናል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ200 ብር ኖት ሲወጣ ደግሞ መልስ ፍለጋው ሱቅ ለሱቅ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር ተጀመረ፤ ዛሬ የጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅም ስልኳን አውጥታ «በቴሌብር ነው?» ትላለች። ከረሜላው ቀረ። ለአንድ ብር ማምታታትም ቀረ። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ በስልክ ስንከፍል «ይሁን፣ ተወው» የምትባለዋ የሣንቲም ይቅርታም አብራ ቀረች። ስልኩ አይመርቅም።

ገዥውስ ዝም ብሎ ሲሸራረፍ ኖረ? አልኖረም። ቅርጫን አስቡት። አንድ ቤተሰብ በሬ መግዛት አይችልም፤ አሥር ቤተሰብ ይችላል። ገንዘብ አዋጥተው፣ በሬ ገዝተው፣ አርደው፣ ሥጋውን፣ አጥንቱን፣ ጨጓራውን እኩል መድበው ዕጣ ይጥላሉ። መደቡን የመደበው ሰው የትኛው ለእሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አያዳላም። ሚዛን የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም፣ ክስ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተስፋፋው የእሁድ ገበያም የዚያው ዘመድ ነው፤ በአምራቹና በሸማቹ መካከል ያለውን እጅ ለማሳጠር የታሰበ። በሁለቱም መንገድ ሰዉ የሚሸሸው ውድነትን ብቻ አይደለም። የማያየውን መስፈሪያ ነው የሚሸሸው።

ለነጋዴ ወዳጆቼ የምለው ስለዚህ አጭር ነው። ወጪያችሁ መጨመሩን እናውቃለን። ኪራዩን፣ ግብሩን፣ ዶላሩን፣ ነዳጁን አብረን ነው የምንሰማው። ዋጋ ጨምሩ፤ እንከራከራችኋለን፣ እናማችኋለን፣ አንዳንዶቻችን እንቀራለን፣ የቀረነው እንገዛለን። ትንሽ ሽጡልን፤ ግን ትንሽ መሆኑን ንገሩን። ቀላቅሉ፤ ግን ቅልቅል በሉት። አሻሻጣችሁን ለውጡ፤ እቴጌይቱም ለውጠው ነበር። ያላየነውን አትቀንሱብን እንጂ። የተጨመረ ዋጋ ሲቀንስ አይተናል፤ አንዴ የሳሳ እንጀራ ግን ሲወፍር እስካሁን አላየሁም።

ምርቃት ከሁሉም ሱቅ ጠፍቷል ብዬ ግን አልዋሽም። ዛሬም ጉልት ላይ ቲማቲም ስትገዙ ከመደቡ ጎን ሁለት ቃሪያ ይጨመራል። ያቺ ሴትዮ ቲማቲሙን ከአትክልት ተራ ስንት እንዳመጣችው፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደፈረጠባት፣ ስንት እንደተረፋት እኛ አናውቅም። ምናልባት ምንም አልተረፋትም። ሁለቱ ቃሪያ ግን ነገም ትፈልገናለች ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።